የመስታወት አገልግል

ቢራ ፋብሪካ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። አንድ ቀን በትንሽ ፌስታል ነጭ ዱቄት ይዞልኝ መጣ። "ቢራው የሚጠራው በዚህ ነው" አለኝ። ጠላ በጨርቅ እንደሚጠለል፣ ቢራውም በዚህ ዱቄት ውስጥ ያልፋል፤ አተላው እዚያ ይቀራል። ነካ አደረግኩት። የፉርኖ ዱቄት ይመስላል፣ ግን በጣም ቀላል ነው። እፍኝ ሙሉ ይዤ እጄ ባዶ መሰለኝ። "እንዳትስበው፣ ሳንባ ይጎዳል" ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ዱቄቱን ይዤ እህቴ ጋ ሄድኩ። ባዮሎጂ ታስተምራለች። ቁንጥር አድርጋ በውሃ በጠበጠችው። አንዲት ጠብታ ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀመጠችና "እየው" አለችኝ።

ዱቄት አልነበረም። ክብ ሰሃን ነበር። ቀጭን ጀልባ ነበር። እንደ ወንፊት የተበሳ የተሰበረ ስባሪ ነበር። ሁሉም ጥርት ያለ መስታወት ነው። ቀዳዳዎቹ በዘፈቀደ የተበሱ አይደሉም፤ በጣም ጥሩ ባለሙያ የጠለፈው ጥልፍ ይመስላሉ፣ ረድፍ በረድፍ። እህቴ ከጀርባዬ ቆማ "ይሄ ሁሉ ቤት ነው" አለች። "ባለቤቶቹ ሞተው ቤቱ ቀረ።"

የነዚህ ቤቶች ባለቤቶች ዳያተም ይባላሉ። በባሕርም በሐይቅም ይኖራሉ። ባለ አንድ ሕዋስ ናቸው። ማለትም ሙሉ ሰውነታቸው አንድ ሕዋስ ብቻ ነው፤ አፍም ሆድም እግርም የላቸውም። ያቺ አንዲት ሕዋስ ትመገባለች፣ ታድጋለች፣ ትዋለዳለች፣ ትሞታለች። መጠናቸው ይለያያል፤ ብዙዎቹ ወደ 20 ማይክሮን አካባቢ ናቸው። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። አንድ የጤፍ ፍሬ ርዝመቱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ብንል፣ እሱ ላይ 50 ዳያተም ጫፍ ለጫፍ ይሰለፋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለነዚህ ነገሮች ማንበብ አላቆምኩም። እዚህም የምጽፈው ያነበብኩትን ቀለል አድርጌ ለማካፈል ነው።

መጀመሪያ ስሙን እንፍታ። ፕላንክተን ሲባል ብዙ ሰው "በጣም ትንሽ ፍጥረት" ማለት ይመስለዋል። አይደለም። ቃሉ የመጣው ከግሪክ ነው፣ ትርጉሙም ተንከራታች ማለት ነው። ለሳይንስ ያዋለው ጀርመናዊው ቪክቶር ሄንሰን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1887። የውሃውን ሞገድ አሸንፎ መሄድ የማይችል፣ ውሃው ወደ ወሰደው የሚሄድ ሁሉ ፕላንክተን ነው። ስለዚህ ትልቅ ጄሊፊሽም ፕላንክተን ነው። ግን አብዛኞቹ በዓይን አይታዩም፣ ከነዚያም ውስጥ ብዙዎቹ ባለ አንድ ሕዋስ ናቸው። ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠሩት የባሕር ዕፅዋትን ቦታ ይይዛሉ። ሌሎቹን የሚበሉት ደግሞ የእንስሳትን። ትምህርት ቤት እንዲህ ለሁለት ከፍለን ነው የተማርነው። ባሕሩ ውስጥ ግን ድንበሩ እንዲህ ንጹሕ አይደለም። ቀን እንደ ሣር በፀሐይ የሚያድግ፣ ሲያሻው ደግሞ እንደ ከብት ጎረቤቱን የሚግጥ ባለ አንድ ሕዋስ ሞልቷል።

አሁን ወደ ዳያተም እንመለስ። ከሁሉም የምወደው እሱን ነውና ትንሽ ልቆይበት።

አገልግል አስቡ። አካል አለው፣ ክዳን አለው። ክዳኑ ከአካሉ ትንሽ ሰፋ ብሎ ከላይ ግጥም ይላል። ዳያተም ልክ እንዲህ ነው። ሁለት ቁራጭ ነው፣ አንዱ ሌላውን ይከድናል። የተሠራው ከሲሊካ ነው። መስኮታችን የተሠራበት መስታወትም ዋናው ነገሩ ሲሊካ ነው። እኛ መስታወት ለመሥራት አሸዋ ከሺህ ዲግሪ በላይ በሆነ እሳት እናቀልጣለን። ዳያተም ባሕሩ ውስጥ ሟሙቶ ያለውን ሲሊካ ለቅሞ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ፣ ያለ እሳት ይሠራዋል። በአገልግሉ ውስጥ ስንቅም አለ። ዳያተም ትርፍ ምግቡን በዘይት ጠብታ መልክ ያስቀምጣል። ማይክሮስኮፕ ሥር ሕይወት ያለው ዳያተም ስታዩ እነዚያ ጠብታዎች ሲያብለጨልጩ ይታያሉ።

ለምን መስታወት? አንደኛ፣ ርካሽ ነው። ከሲሊካ ግድግዳ መሥራት ዛፍ እንጨቱን ለመሥራት ከሚያወጣው ጉልበት በእጅጉ ያነሰ ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ ጠንካራ ነው። ዳያተም የሚበሉ ኮፒፖድ የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት አሉ፣ ሩዝ ፍሬ እንኳ የማያካክሉ ሽሪምፕ መሰሎች። የነሱን ጥርስ ያጠኑ ሰዎች ያገኙት ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። የጥርሳቸው ጫፍ ራሱ በሲሊካ የተለበጠ ነው። መስታወት ለመስበር የመስታወት ጥርስ አበቀሉ ማለት ነው። እነዚህ ሁለቱ ስንት ሚሊዮን ዓመት ሲፎካከሩ እንደኖሩ ከዚህ መገመት ይቻላል።

መስታወት ግን አንድ ችግር አለው፤ አይለጠጥም። ዳያተም የሚባዛው ለሁለት በመከፈል ነው። ሲከፈል አንዱ ልጅ ክዳኑን ይወርሳል፣ ሌላው አካሉን። አሁን ልብ በሉ። ሁለቱም የወረሱትን ክዳን ያደርጉትና አዲስ የሚሠሩት የታችኛውን ነው። ክዳኑን የወረሰው ከእናቱ እኩል ይሆናል። አካሉን የወረሰው ግን ያንን ክዳን አድርጎ በውስጡ የሚገባ ይበልጥ ትንሽ አካል ይሠራል። የሱ ልጅ ደግሞ ከሱ ያንሳል። እንዲህ እያለ ዘር በቀጠለ ቁጥር አማካይ ቁመታቸው እያጠረ ይሄዳል።

እንዲሁ ቢቀጥል ጠፍተው ያልቁ ነበር። መፍትሔያቸው ድንቅ ነው። አንድ ልክ ላይ ሲደርሱ፣ በብዙ ዝርያ ከመጀመሪያው መጠን ሲሦ ገደማ ሲቀራቸው፣ መከፋፈሉን ትተው በጾታ ይራባሉ። ቤታቸውን ይጥላሉ። ከሁለቱ የተገኘው አዲስ ሕዋስ መስታወት ስለሌለው እንደ ልቡ ይነፋል። ሙሉ መጠኑ ላይ ሲደርስ አዲስ ትልቅ አገልግል ይሠራል። ከዚያ ማጠሩ እንደገና ይጀምራል።

የሚኖሩት ግን ብርሃን ባለበት ላይኛው ውሃ ነው። እዚያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማዳበሪያ የለም። ገበሬ ዩሪያ ካላገኘ ማሳው እንደሚገረጣ፣ ባሕርም ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ካላገኘ ባዶ ነው። ያ ማዳበሪያ ያለው ጥልቁ ውስጥ ነው፤ ከላይ የሞተው ሁሉ እየሰመጠ እዚያ ስለሚበሰብስ። ብርሃኑ ላይ፣ ማዳበሪያው ታች። ሁለቱ የሚገናኙት የሆነ ነገር ውሃውን ከታች ወደ ላይ ሲገፋው ነው።

ለዚህ ቅርብ ምሳሌ አለን። በኛ ክረምት ወራት ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣ ኃይለኛ ነፋስ የሶማሊያን ጠረፍ ተከትሎ ይነፍሳል። ነፋሱ የላይኛውን ሞቃት ውሃ ከጠረፉ ያርቀዋል። በምትኩ ቀዝቃዛና በማዳበሪያ የከበረ ውሃ ከጥልቁ ይወጣል። ያኔ ዳያተም ይፈላል። ጥሩ ሁኔታ ሲያገኝ በቀን አንዴ ወይም ከዚያ በላይ ለሁለት ይከፈላልና፣ አንዱ በ10 ቀን ከሺህ ያልፋል። እኛ ደጋ ላይ ጃንጥላ ዘርግተን ስንሄድ፣ በዚያው ወቅት ሕንድ ውቅያኖስ ላይ መኸር ነው ማለት ይቻላል።

የሱቅ ቱናም ከዚህ ዓይነቱ ማሳ ነው የሚወጣው። ቱና ትንንሽ ዓሣ ይበላል፣ ትንንሹ ዓሣ ኮፒፖድ ይበላል፣ ኮፒፖዱ ዳያተም ይበላል። በየደረጃው ከተበላው ወደ ሰውነት የሚገባው በግምት ከአሥር እጅ አንዱ ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ቱና ብትሉ ከሥሩ ወደ ሺህ ኪሎ የሚጠጋ እነዚህን ደቃቆች ፈጅቷል።

ኦክስጅኑስ? "ከምንተነፍሰው አየር ግማሹ ከባሕር ነው" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ነገሩ እውነት አለው፣ ግን ሲነገር ተጣሞ ነው። በምድር ላይ በየዓመቱ ከሚካሄደው ብርሃን አስተፃምሮ፣ ማለትም በፀሐይ ምግብ ሠርቶ ኦክስጅን ከመልቀቁ ሥራ፣ ግማሽ ያህሉ በባሕር ፕላንክተን የሚከናወን ነው። ከዚያ ውስጥ የዳያተም ድርሻ ብቻውን ከፍተኛ ነው፤ ከመላው ምድር አንድ አምስተኛ ገደማ ይገመታል። ነገር ግን ባሕሩ ውስጥ የሚወጣውን ኦክስጅን አብዛኛውን እዚያው ባሕር ውስጥ ያሉት ፍጥረታት መልሰው ይጠቀሙበታል። የየብሱ ጫካም እንዲሁ ነው። አሁን የምንተነፍሰው ክምችት በብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመታት የተጠራቀመ ነው። የተጠራቀመውም ጥቂቱ ፕላንክተን ሳይበሰብስ ጭቃ ውስጥ ስለተቀበረ ነው። ስለዚህ ዛሬ ፕላንክተን ቢጠፋ ነገ አንታፈንም። የምንራበው ግን ቶሎ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ሚዛኑ ነው። እነዚህ የባሕር ደቃቆች በአንድ ጊዜ ቢመዘኑ፣ ከየብስ ዕፅዋት ጋር ሲነጻጸሩ አንድ በመቶ እንኳ አይሞሉም። ታዲያ የዛፎችን ያህል እንዴት ይሠራሉ? ግንድ የላቸውም፣ ሥር የላቸውም፣ መላ ሰውነታቸው ቅጠል ነው። ደግሞ ፈጥነው ይወለዳሉ፣ ፈጥነው ይበላሉ። የዛፍ ዕድሜ በአሥርተ ዓመታት ይቆጠራል፣ የነሱ በቀናት።

ከዳያተም በጣም የሚያንሱም አሉ። ፕሮክሎሮኮከስ የምትባል ባክቴሪያ 0.6 ማይክሮን ብቻ ናት። በጤፏ ፍሬ ላይ ከ1,600 በላይ ትደረደራለች። በፀሐይ ምግብ ከሚሠሩ ፍጥረታት ሁሉ በቁጥር የሚበልጣት የለም። ግን እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ መኖሯን ማንም አያውቅም ነበር። ያገኟት አሜሪካዊቷ ሳሊ ቺዝሆልምና ባልደረቦቿ ናቸው፤ ሕዋሶችን አንድ በአንድ በሌዘር ብርሃን ፊት እያሳለፈ የሚቆጥር መሣሪያ መርከብ ላይ ጭነው። በየጠብታው ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ነገር ነበር፣ ለዘመናት ባዶ ውሃ ብለን ያለፍነው።

ቀይ ባሕርን ሳናነሳ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ክርስቲያን ኤረንበርግ የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ ከጓደኛው ከቪልሄልም ሄምፕሪች ጋር በግብፅና በቀይ ባሕር ዙሪያ ብዙ ዓመት ተጓዘ። ምጽዋም ደርሰው ነበር። ሄምፕሪች እዚያው ምጽዋ በ1825 በትኩሳት ሞተ። ኤረንበርግ ግን ወደ አገሩ ተመለሰ። ከዚያ በፊት፣ ሲና ውስጥ ጡር በምትባል ወደብ፣ ባሕሩ ደም መስሎ አይቶ ነበር። ውሃውን ቀድቶ ሲመረምረው በጥቅል የታሰሩ ክሮች አገኘ። ትሪኮደስሚየም አለው። ክሩ የሕዋሶች ሰንሰለት ነው፤ እያንዳንዷ ሕዋስ ከጎረቤቷ ጋር ተያይዛ ትኖራለች። ቀይ ባሕር ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው የሚሉ አሉ፣ ሌላ ምክንያት የሚሰጡም አሉ። በበኩሌ ይህኛው መላምት ደስ ይለኛል።

ትሪኮደስሚየም ቀለሙ ብቻ አይደለም ሙያው። ባቄላና ሽምብራ ሥራቸው ላይ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ከአየር ናይትሮጅን ወስደው መሬቱን እንደሚያለሙ፣ እሱም ባሕሩን ያለማል። ገበሬ ለምን ባቄላ እያፈራረቀ እንደሚዘራ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በሌሊት የሚያበሩም አሉ። ጅቡቲ ወይም ኦማን ባሕር ዳር በጨለማ ቆማችሁ፣ ማዕበሉ ሲሰበር ሰማያዊ ብርሃን ብልጭ ሲል አይታችሁ ከሆነ፣ ሌላ ምንም አይደለም፣ ዳይኖፍላጀሌት የሚባሉት ናቸው። እንደ ጅራፍ የሚወራጩ ሁለት ጅራቶች አሏቸው፣ በነሱ እየተሽከረከሩ ይሄዳሉ። ኖክቲሉካ የምትባለው ከነሱ ወገን ናት፤ ትልቅ ስለሆነች በዓይንም ልትታይ ትችላለች። ዓረብ ባሕር ላይ ያለችው ኖክቲሉካ ሆዷ ውስጥ ሌላ ደቃቅ አረንጓዴ አልጌ አስጠልላ ታኖራለች። እሱ በፀሐይ ምግብ ይሠራል፣ እሷ ታስጠጋዋለች። ኦማን ጠረፍ ላይ በክረምታቸው፣ የካቲትና መጋቢት አካባቢ፣ ውሃው ቀን ቀን አረንጓዴ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በሷ ነው።

ለምን ታበራለች? ሲነኳት ነው ብልጭ የምትለው፣ ለአንዲት ቅጽበት። አንዱ ማብራሪያ ሊበላት የመጣውን ኮፒፖድ ታስደነግጣለች የሚል ነው። ሌላው ይበልጥ ይጥመኛል። ሌባ ቤቱ የገባበት ሰው ኡኡ ብሎ ጎረቤት እንደሚጠራ፣ እሷም በብርሃን ትጮኻለች። ብርሃኑን አይቶ የሚመጣው ትልቅ ዓሣ ኮፒፖዱን ይበላዋል።

ሁሉም ደግ አይደሉም። አንዳንዶቹ መርዝ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 በካናዳ ልዑል ኤድዋርድ ደሴት ከተለቀመ ዛጎል ለበስ የባሕር ምግብ ከመቶ በላይ ሰዎች ታመሙ። ሦስት ሞቱ። ከተረፉት ጥቂቶቹ አዲስ ነገር የማስታወስ ችሎታቸው ጠፋ፣ ዛሬ የሆነውን ነገ አያውቁትም። ምክንያቱ ሲፈለግ አንድ ቀጭን ዳያተም ሆኖ ተገኘ። ዛጎል ለበሱ ውሃ እያጣራ ስለሚበላ መርዙን በሰውነቱ አጠራቅሞት ነበር። መቀቀል ይህን መርዝ አያጠፋውም። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገሮች ዛጎል ለበስ የሚለቀምበትን ባሕር እየመረመሩ አደጋ ሲኖር ይዘጋሉ።

አሁን ወደ ድንጋይ እንሂድ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ አገራችን የሚገባው።

ኮኮሊቶፎር የሚባሉ አሉ። ልብሳቸው መስታወት አይደለም፣ ኖራ ነው። ከነሱ በጣም የታወቀችው ኤሚሊያኒያ ሃክስሊ 5 ማይክሮን ገደማ ናት። ክብ ክብ የኖራ ጋሻዎችን በሆዷ ውስጥ ትሠራና አንድ በአንድ ወደ ውጭ አውጥታ ትለብሳለች። ጋሻ በላይ በላይ ተደራርቦ የተሸፈነ ኳስ አስቡ። በብዛት ስትፈላ የተራገፉት ጋሻዎች ብርሃን ይመልሳሉ፣ ባሕሩ ወተት የተጨመረበት ይመስላል። ያንን ነጣ ያለ ሰማያዊ ከሳተላይት ማየት ይቻላል፤ አንዳንዴ ከመቶ ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ከዚያ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ብዙ ጊዜ ገዳዩ ቫይረስ ነው።

ጋሻዎቹ ወደ ታች ይሰምጣሉ። ለሚሊዮን ዓመታት እየተነባበሩ፣ ክብደቱ እየተጫናቸው ድንጋይ ይሆናሉ። ጠመኔ ድንጋይ ማለት ይህ ነው። በእንግሊዝ ዶቨር ላይ ባሕሩ ዳር የቆመው ነጭ ገደል ከመቶ ሜትር በላይ ይደርሳል፣ አብዛኛው የነዚህ ጋሻ ክምር ነው። ጠመኔ በደቃቅ ዛጎሎች የተሞላ መሆኑን በማይክሮስኮፕ አይቶ ካሳወቁት አንዱ ያው ምጽዋ ደርሶ የተመለሰው ኤረንበርግ ነው።

ኤሚሊያኒያ ስሟን ያገኘችው በከፊል የጥንቱን ባሕር ካጠናው ተመራማሪ ከቼዛሬ ኤሚሊያኒ ነው። እሱ የሠራው ደግሞ በሌሎች ባለ አንድ ሕዋሶች ነው፣ ፎራሚኒፌራ በሚባሉት። እነሱም የኖራ ቤት ይሠራሉ፣ ክፍል በክፍል እየጨመሩ። ኦክስጅን ቀለል ያለና ከበድ ያለ ዓይነት አለው። ውሃው ሲቀዘቅዝ በዛጎሉ ውስጥ የሚገባው ከባዱ ይበዛል። ምድር ላይ በረዶ ሲከመር ደግሞ ቀላሉ ውሃ በበረዶው ተይዞ ስለሚቀር፣ ባሕሩ ራሱ ይከብዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዛጎል ቴርሞሜትር ነው፣ በተሠራበት ዘመን ላይ የቆመ። ኤሚሊያኒ ከባሕር ወለል የወጣ ጭቃን ከላይ እስከ ታች በዚህ መንገድ መረመረ። እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጣው ጽሑፍ የበረዶ ዘመናት ደጋግመው እንደመጡና እንደሄዱ አሳየ።

የእነዚህ ፎራሚኒፌራ ዘመዶች ግብፅ ውስጥ ፒራሚድ ሆነዋል። ኑሙላይት ይባላሉ፤ ተንሳፋፊ አልነበሩም፣ ወለል ላይ ነው የሚኖሩት። ባለ አንድ ሕዋስ ሆነው የሳንቲም ያህል የሚያድጉ ነበሩ። የፒራሚዱ ኖራ ድንጋይ በነሱ የተሞላ ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ግሪካዊው ስትራቦ እዚያ ሄዶ፣ የድንጋዩ ፍርፋሪ ምስር እንደሚመስልና ሰዎችም ከሠራተኞቹ ምግብ የተረፈ ነው እንደሚሉ ጻፈ። የጥንት አባቶቻችን ግብፅን ምስር ይሏት እንደነበር ሳስብ ይህ ታሪክ ሁለት ጊዜ ይጥመኛል።

እኛም አለን። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ ስትወርዱ፣ በመንገዱ ዳር ተነባብሮ የቆመውን ግራጫና ቢጫማ ድንጋይ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ኖራ ድንጋይ ነው። መቐለ አካባቢም ያው ድንጋይ አለ፤ የጂኦሎጂ ሰዎች በሕንጣሎ ስም ይጠሩታል። ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ዳይኖሰር በነበረበት ዘመን፣ ያ ቦታ ጥልቀት የሌለው ሞቃት ባሕር ነበር። ድንጋዩ ውስጥ ያለው የኮራል፣ የዛጎልና የፎራሚኒፌራ ቅሪት ነው። ሙገር ላይ እንዲህ ያለው ኖራ ድንጋይ ተፈጭቶና ተቃጥሎ ሲሚንቶ ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ የምናየው ፎቅ አብዛኛው ኮንክሪት ነው፣ የኮንክሪቱ ማያያዣም ከዚህ ዓይነቱ ባሕር የተረፈ ነው። ቤንዚኑም ቢሆን ሰው ከዳይኖሰር ነው ይላል፣ አይደለም። የዓረብ አገር ነዳጅ በአብዛኛው የመጣው በዚያ ዘመን ባሕር ወለል ጭቃ ውስጥ ከተቀበሩ እነዚህ ደቃቆች ነው። 

የቢራ ፋብሪካው ዱቄትም እንዲሁ የተጠራቀመ ቤት ነው። በስምጥ ሸለቋችን አዳሚ ቱሉ አካባቢ እንዲህ ያለ ነጭ አፈር አለ፤ የድሮ ሐይቅ ዳያተም ነው። አልፍሬድ ኖቤል እ.ኤ.አ. በ1867 ዲናሚትን የሠራው በዚሁ ዓይነት ዱቄት ነው። ናይትሮግሊሰሪን የሚባለው ፈሳሽ በትንሽ ንቅናቄ ይፈነዳ ነበር። ዱቄቱ በቀዳዳዎቹ መጥጦ ያዘው፣ በእጅ የሚያዝ ሆነ።

አሁን የሚያሳስበኝን ልናገር። ባሕር ከምናወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን ይመጥጣል። ጋዙ ውሃ ውስጥ ሲገባ አሲድ ይሆናል። ከፋብሪካ ዘመን ወዲህ የላይኛው ባሕር አሲድነት በ30 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ልብሳቸው ኖራ ለሆነ ፍጥረታት ይህ ልብስ መስፋትን ከባድ ያደርገዋል፣ ሁሉንም እኩል ባይጎዳም። ሙቀቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሞቃት ውሃ ቀላል ነው፣ ከላይ እንደ ክዳን ይቀመጣል። ማዳበሪያው ከታች እንዳይወጣ ይዘጋዋል። ያኔ እንደ ዳያተም ያሉ ትልልቆቹ ይቀንሳሉ፣ ትንንሾቹ ይበዛሉ፤ ዓሣ የሚደርሰው ምግብም ያንሳል። ናሳ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ፔስ የምትባል ሳተላይት ያመጠቀው ከሌላው ሥራዋ ጋር የባሕሩን ቀለም በረቀቀ መንገድ እያየች የትኛው ፕላንክተን የት እንዳለ እንድትለይ ነው።

ባለፈው ከዓባይ በረሃ ስመለስ አንድ ቁራጭ ኖራ ድንጋይ በኪሴ ይዤ መጣሁ። ቤት ገብቼ በቢላዋ ፋቅ ፋቅ አደረግኩትና ትንሽ ዱቄት ወጣለት። ሎሚ ቆርጬ ጠብ አደረግኩበት። ዱቄቱ ላይ አረፋ ተነሳ፣ ጆሮዬን ሳስጠጋው ሽሽ ይላል። የሚወጣው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባሕሩ ውስጥ የነበረ ነው፤ ስሟን የማላውቃት አንዲት ሕዋስ ልብስ አድርጋው ከሞተች ወዲህ ከድንጋዩ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር።